ባክአፑ ሌሊቱን ካልጨረሰ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የመሥሪያ ቤት ባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ) ጠዋት ሥራ ሲጀመር ገና እየሄደ ከሆነ፣ አዲስ ዲስክ ከመግዛት በፊት ስሌቱ ይሠራ። የ1 ጊጋቢት የኔትወርክ መስመር በተግባር የሚያሳልፈው በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 4 ቴራባይት 10 ሰዓት ይፈጃል። ዲስኩ ምንም ቢፈጥን መስመሩ ያው ነው። ሙሉውን ቅጂ ለቅዳሜ ሌሊት ትቶ በየቀኑ የተለወጠውን ብቻ መውሰድ ይሻላል።

የፓኬት (መረጃው በኔትወርክ ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ) መጠንን ወደ 9000 ባይት ማሳደግ ይረዳል፤ ግን ሰርቨሩ፣ ስዊቹ (ማሽኖቹን የሚያገናኘው መሣሪያ) እና ስቶሬጁ (ቅጂው የሚቀመጥበት) እኩል መስተካከል አለባቸው። አንዱ በተለመደው 1500 ላይ ከቀረ ተራው ፒንግ (መስመሩ መሥራቱን የሚፈትሽ ትንሽ መልእክት) ይመልሳል፣ ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን ቀጥ ይላል፤ ባለሙያውም ኬብል ሲቀያይር ይውላል። ፒንጉን ወደ ትናንሽ ፓኬቶች እንዳይከፋፈል አድርጎ በ8972 ባይት መሞከር ነው፤ ቀሪው 28 ባይት የፓኬቱ ራስጌ (የአድራሻና የመቆጣጠሪያ መረጃ) ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበን ቅጂው እዚያው ሰርቨር ክፍል መቀመጡ ነው። እሳትም ሆነ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ዋናውንና ቅጂውን አንድ ላይ ይወስዳል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጪ፤ ቢያንስ አንዱም ከኔትወርክ የተነቀለ ይሁን። በየወሩ አንድ ዳታቤዝ ባዶ ማሽን ላይ መልሶ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ «ተሳክቷል» የሚለው መልእክት ፋይሉ እንደሚከፈት አያረጋግጥም።

የሰርቨርና የኔትወርክ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ