አራተኛው ክፍል ላይ ለቀረኸው ወዳጄ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናቴን ብቻ ጉልበቷን ያማታል፤ ስምህን ባነሣሁ ቁጥር «ያ ልጅ ከሳ ወይስ ወፈረ?» ትለኛለች። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ መቁጠሩን እንተወው። ካንተ የደረሰኝ የመጨረሻ መልእክት አንድ መስመር ነበር፦ «ያን ሰዎቹ ሲጮኹ የሚውሉበትን የሮቦት ፊልም ዛሬም ታያለህ?» የሚል። አያለሁ። በዚህ ክረምት እንደገና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጨርሼዋለሁ። ለምን እንደሚጮኹ ሳልነግርህ ወደ ሌላ ወሬ አልገባም።

«ጉረን ላጋን» እ.ኤ.አ. በ2007 ጋይናክስ የተባለው ስቱዲዮ ሠርቶት በጃፓን ቴሌቪዥን እሑድ እሑድ ጠዋት የተላለፈ ባለ 27 ክፍል አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን ካርቱን፣ ነው። አንተ ያየኸው አራቱን ነው። አልፈርድብህም፤ እዚያ ላይ የቀረው ሰው ብዙ ነው። አራተኛውን ክፍል እንዲያዘጋጅ የተጋበዘው ኮባያሺ ኦሳሙ በራሱ የአሣሣል ስልት ስለሠራው፣ የለመድናቸው ፊቶች በሳምንቱ ሌላ መልክ ይዘው መጡ። ጃፓን ውስጥም ተመልካቹ ክፉኛ ተቆጣ፤ ስቱዲዮውን ከመሠረቱት አንዱ ለወቀሳው ክፉ ቃል መልሶ ሥራውን እስከመልቀቅ ደርሷል። እኔ እንዲያውም ያንን ክፍል ወድጄዋለሁ፤ ክርክሩ ግን ለሌላ ቀን ይቆየን።

ታሪኩን ታስታውሰዋለህ። ሰው ሁሉ ከመሬት በታች ይኖራል፤ ሲሞን የሚባል ዓይን አፋር ልጅ በመሰርሰሪያ እየቆፈረ መንደሩን ሲያሰፋ፣ ራስ ብቻ የሆነ ትንሽ ሮቦት ያገኛል። ላጋን ማለት እሱ ነው። ከጎኑ ደግሞ ካሚና አለ፦ ካባ ለባሽ፣ ባለ ሰይፍ፣ ስሙንና ማንነቱን ሳያውጅ ክንዱን የማያነሣ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ላጋን ካሚና በሚነዳው ሮቦት፣ በጉረን፣ አናት ላይ ተሰክቶ ሁለቱ አንድ ሲሆኑ፣ አዲሱ ግዙፍ የመጀመሪያ ሥራው የጠላቱን የራስ ቁር ነጥቆ መድፋት ነው! አንተ እዚያ ላይ ከት ብለህ ሳቅህ። የሚያስቅም ነው።

ግን ድርሰቱን የጻፈው ናካሺማ ካዙኪ ገኪዳን ሺንካንሰን ለሚባል የቲያትር ቡድን ተውኔት የሚጽፍ ሰው ነው። ካቡኪ ከሚባለው የጃፓን ጥንታዊ ቲያትር በሚቀዳው መድረክ ላይ ጀግና ዝም ብሎ አይማታም፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ማን እንደሆነ ይናገራል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? አጎትህ በእህትህ ሰርግ ላይ «ዘራፍ!» ብለው ዱላቸውን ሲነቀንቁ፣ «እኚህ ሰው አጋነኑ» ብሎ ያዘነ ማን ነበር? ፎካሪ የሚያጋንነው ለሚሰማው ሰው ልብ እንዲሆነው ነው፤ ለራሱም ጭምር።

ለራሱም ጭምር ያልኩት በከንቱ አይደለም። ስምንተኛው ክፍል ላይ ካሚና አብራቸው ለምትዋጋው ለዮኮ የሚነግራት ነገር አለ። ልጆች ሳሉ ዋሻ ተደርምሶባቸው ነበር። ሁሉም በፍርሃት ሲርድ፣ ካሚናም ሲርድ፣ ሲሞን ብቻ ዝም ብሎ ይቆፍር ነበር። ካሚና ድፍረቱን ያገኘው ያንን ጀርባ እያየ ነው። ያ ሁሉ ፉከራ ከአንድ ዝምተኛ ልጅ የተበደረው ነው ማለት ነው! ካሚና በዚያው ክፍል ይሞታል። የታሪኩ ባለቤት የመሰለን ሰው ሞቶ አይመለስም። ሲሞን የሟቹን ሐውልት ደጋግሞ እየቀረጸ ይቆዝማል፤ ሮቦቱም አልታዘዝ ይለዋል። አሥራ አንደኛው ክፍል ላይ ተነሥቶ ካሚና መሞቱን፣ በጀርባውና በልቡ ግን መኖሩን ሲናገር፣ የሚጮኸው በራሱ ድምፅ ነው። አድናቂዎቹ ያንን ንግግር በቃላቸው የሚያውቁት ለዚህ ይመስለኛል።

አድናቂ ሁሉ ስለ ካሚና ያወራል፤ እኔ ግን በዚህ ዙር የያዘኝ ሮሲዩ ነው። አምስተኛው ክፍል ላይ፣ ማለትም አንተ ከተውክበት በቀጣዩ፣ ከሃምሳ ሰው በላይ መያዝ የማይችል መንደር ታያለህ። ቁጥሩ ሲበልጥ ዕጣ ይወጣና ዕጣው የደረሰበት ወደ ላይ ይባረራል። ካህኑ ማንም ሊያነበው የማይችል ቅዱስ መጽሐፍ ይዟል፤ እሱም ራሱ አያነበውም። ሮሲዩ ያደገው እዚያ ነው። ሰው በድል ወደ ላይ ወጥቶ መኖር ከጀመረ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ የሰው ቁጥር አንድ ሚሊዮን በመድረሱ ጨረቃ ወደ ምድር መውደቅ ስትጀምር፣ መንግሥቱን የያዘው ሮሲዩ ያንኑ ስሌት ይደግመዋል፦ ወደ ጠፈር የምትሸሸው መርከብ የምትችለውን ያህል ሰው ጭኖ ሌላውን መተው። ሕዝቡን ለማረጋጋትም ሲሞንን ሞት ይፈርድበታል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ በቀለለ ነበር። ግን ክፉ አይደለም፤ የተማረውን ሒሳብ በትክክል የሠራ ሰው ነው። በኋላ በራሱ ላይ እጁን ሊያነሣ ሲል ሲሞን ደርሶ በቡጢ ይለዋል እንጂ አይሰብክለትም።

መጋነኑ መቼም አያቋርጥም። ጨረቃዋ የጦር መርከብ ሆና ትገኛለች፣ ከዚያም እሷው ሮቦት ትሆናለች፣ በመጨረሻው ክፍል ጋላክሲ እየተወራወሩ ይዋጋሉ። ዳይሬክተሩ ኢማይሺ ሂሮዩኪ ግን የመጨረሻውን ምት ለትልቁ አልሰጠውም። ትልቁ ሲሰበር ከውስጡ ያነሰው ይወጣል፣ እሱም ሲሰበር ከእሱ ያነሰው፤ ጠላቱን ሰንጥቆ የሚያልፈው ያው ከጉድጓድ የወጣው ላጋን ነው። ከድሉ በኋላ ደግሞ ሙሽራው ሲሞን ኒያን በሰርጋቸው ቀን ያጣታል። «ይህ ሁሉ ኃይል እያለህ ለምን አትመልሳትም?» ሲሉት፣ ሙታንን ማስነሣት ለሚመጡት መንገድ መዝጋት ነው ብሎ፣ መሰርሰሪያውን ከእሱ ለሚያንስ ወጣት አስረክቦ ይሄዳል። ጋላክሲ የወረወረ ሰው!

እንግዲህ ከአምስተኛው ጀምርልኝ። አሥራ ስድስተኛው ያለፈውን መከለስ ስለሆነ ዝለለው። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 የወጡት ሁለቱ ፊልሞች ታሪኩን ያጨቁታል፤ በእነሱ አትጀምር። ትልቁ ልጅህ ደርሶ ከሆነ አብሮህ ይይ፤ ስምንተኛውን ግን በመኝታ ሰዓት አታሳየው፣ እንቅልፍ ይነሣዋል። ስለ ሮሲዩ የምትለውን ጻፍልኝ፤ ጥፋተኛ ነው ካልከኝ ረጅም ክርክር አለብን።

አክባሪ ወንድምህ