ውሃው ሲሸሽ አትከተለው

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷን እያመማት ነው፤ ስትደውል ግን ደህና ነኝ ትልሃለች፣ አትመናት።

ትናንት አጎትህ ከመቂ ደወለልኝ። ቲማቲሙ እንዳማረልህ ሲነግረኝ ደስ አለኝ። ቀጠል አድርጎ፣ ሁለተኛ ፓምፕ እንደገዛህ፣ በዚህ በጋ የዝዋይ ሐይቅ ውሃ ራቅ ስላለብህም ቱቦ እንደቀጠልክ ነገረኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ልጄ፣ ውሃው ሲሸሽ አትከተለው።

ስለ ሐረማያ ሐይቅ ሁልጊዜ የማወራህ ግማሹን ነው። ጀልባውን ታውቃለህ፣ ዳክዬውን ታውቃለህ። የሐረር ሰው የሚጠጣው ከዚሁ እየተሳበ እንደነበርም ታውቃለህ። ያልነገርኩህ የራሴን ቱቦ ነው።

መጀመሪያ ፓምፕ ስገዛ ቱቦዬ 20 ሜትር ነበር። ጫታችንን በበጋ እያጠጣን፣ ጫት ከገበያ በሚጠፋበት ሰዓት አወዳይ ወስደን ጥሩ እንሸጥ ነበር። የቤታችን ቆርቆሮ የተገዛው በዚያ ብር ነው። ውሃው ራቀ፤ ሌላ 20 ሜትር ቀጠልኩ። ጎረቤትም ቀጠለ። ቱቦው አልደርስ ሲል የሐይቁን ወለል ቆፈርን። ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጠን ነበር። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዛፉ ያለቀበት ተራራ አፈሩን እያወረደ ይሞላዋል። «ይብቃን» ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም።

በ1996 ገደማ ሐይቁ አለቀ። ሞተሩን አስነሳሁት፤ ቱቦው ተንፈራገጠና አየር ብቻ ሳበ። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የሐረር ቧንቧ ደርቆ ጀሪካን ተሰለፈ። በኋላ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል፣ ከጉድጓድ፣ ያንን ሁሉ ዳገት እየተገፋ መጣላቸው።

አንተ ልጅ ነበርክ። ኳስ የምትጫወትበት ሜዳ የሐይቁ ወለል ነበር። አንድ ቀን ጎል አግብተህ ወደ እኔ እየሮጥክ መጣህ። አጨበጨብኩልህ፤ ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። እናትህ ብቻ ናት የምታውቀው።

ዝዋይ ትልቅ ነው ትለኛለህ። ትልቅ ነው፣ ግን ጥልቅ አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ያህል ነው፤ የቤታችንን ግድግዳ ቢያክል ነው። ደግሞ ብቻህን አይደለህም፤ ዙሪያውን ስንት ፓምፕ፣ ስንት የአበባ እርሻ እንዳለ አንተ ከእኔ ታውቃለህ። ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወርዶ ነው አብያታ ሐይቅ የሚገባው። አንድ እሁድ ሚኒባስ ያዝና ሂድ። አብያታ የት ድረስ እንደነበረ ሽማግሌ ጠይቅ፣ ከዚያ ውሃው አሁን ያለበት ድረስ በእግርህ ሂድ። ሂድ ስልህ ሂድ!

ሁለተኛውን ፓምፕ ሽጠው። ቲማቲሙን በቀትር አታጠጣ፣ ፀሐይ ነው የሚጠጣልህ፤ ወደ ማታ አድርገው። ዳር ያለውን ፊላ አትቁረጥ፣ አፈር የሚይዝልህ እሱ ነው። የኬሚካል መርጫህን ሐይቁ ውስጥ አትጠብ። ስትረጭም አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ አጎትህ አትሸፍንም ብሎኛል። በቂ ብር ከሌለህ መሬቱን ቀንሰህ ያዝ እንጂ ውሃውን አትከተለው።

ሐረማያ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከፊሉ ተመልሷል። ተራራው ላይ እርከን ተሠራ፣ ሰውም ፓምፑን አነሳ። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አየዋለሁ። ዳክዬም አይቻለሁ። ጠጋ ብዬ እጄን ልነክር እልና እተወዋለሁ።

እናትህ በርበሬና ሽሮ በመኪና ልካልሃለች፤ ሐሙስ መናኸሪያ ሄደህ ተቀበል። ቱቦህን ለካውና እሁድ ስትደውል ስንት ሜትር እንደሆነ ንገረኝ። በየወሩ እጠይቅሃለሁ።

አባትህ