ፓኬጅ ከማሳደጋችሁ በፊት ገመድ ሰኩ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ላይ፣ የቤት ኢንተርኔቱ የሚንቀራፈፍበት ሰው ፓኬጁን ከፍ እንዲያደርግ የሚመክር ጽሑፍ አነበብኩ። ምክሩ ለሚሸጠው ወገን ጥሩ ነው። ለሚከፍለው ግን ብዙ ጊዜ ብር መጣል ነው። ዝም ማለት ስላልቻልኩ ይህን ጻፍኩ።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ ሂሳብ ነው። መርካቶ ላሉ ጥቂት ነጋዴዎች መዝገብ እይዛለሁ፣ የወር ግብራቸውንም በኦንላይን አሳውቃለሁ። ኢንተርኔት ከሌለ እኔም የለሁም። የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ግን ብሎካችን ውስጥ ኔትወርክ ሲበላሽ "እስቲ አንዴ ብቅ በል" የምባለው እኔ ነኝ። ክፍያው ቡና ነው። ቅር አይለኝም።

መጀመሪያ የቁጥሩን ነገር እናጥራ። ከእኔ በታች የሚኖር ጎረቤቴ የሚከፍለው ለ10 ሜጋ ነው። አንድ ቀን ፋይል ሲያወርድ ኮምፒውተሩ 1.2 ሜጋ ብሎ አሳየው። "ለ10 ከፍዬ 1 ይሰጡኛል! ይሄ ሌብነት አይደለም?" ብሎ ደሙ ፈላ። አይደለም። ፓኬጁ የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ፋይሉ የሚለካው በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። 10ን ለ8 ብናካፍል 1.25 ይመጣል። ጎረቤቴ የሚገባውን ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል እያገኘ ነበር። ወረቀት ላይ አስልቼ ሳሳየው ግን ብዙም ደስ አላለውም። ለጠብ ተዘጋጅቶ ነበር መሰለኝ።

እንግዲህ ብር ከመጨመር በፊት የሚሠራው ሥራ ይሄ ነው። ላፕቶፕ ይዞ ሞደሙ ጋ መሄድ። የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፍቶ በላን ኬብል ሞደሙ ላይ መሰካት። የቤቱን ስልክና ቴሌቪዥን በሙሉ ለጊዜው ከዋይፋይ ማስወጣት። ከዚያ ስፒድ ቴስት፣ ማለትም የኢንተርኔቱን ፍጥነት የሚለካውን ሙከራ ማድረግ። አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ደግሞ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩን በሚነካካበት ሰዓት። ውጤቱን ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ። ላን ኬብል ውድ ዕቃ አይደለም።

በገመድ የከፈላችሁበት ፍጥነት ከመጣ መስመሩ ጤነኛ ነው። የሚባክነው ቤት ውስጥ ነው። እንዲህ ከሆነ ፓኬጁን እጥፍ ብታደርጉትም መኝታ ቤት የሚደርሰው ያው የበፊቱ ሊሆን ይችላል።

ኮንዶሚኒየም ደግሞ ለዋይፋይ አይመችም። ስልካችሁ ላይ የዋይፋይ ዝርዝሩን ክፈቱ፤ የጎረቤት ሁሉ ስም ይደረደራል። አብዛኛው የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው። በዚህ ሞገድ ላይ ሳይነካኩ ጎን ለጎን መሥራት የሚችሉት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ብሎኩ በሙሉ እዚያ ላይ ይጋፋል። ማይክሮዌቭም የሚሠራው በዚያው ሞገድ አካባቢ ስለሆነ ምሳ ሲሞቅ ዋይፋዩ ሊረበሽ ይችላል። ሞደማችሁ 5 ጊጋኸርዝ ካለው እሱን ተጠቀሙ። ፈጣን ነው፣ ግፊያውም ያንሳል። ግድግዳ ግን አይወድም። ብሎኬት ያዳክመዋል፣ አርማታ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከፓኬጁ ይልቅ የሞደሙ ቦታ ነው ወሳኙ።

ፊት ለፊታችን የሚኖሩ እናት አሉ። "ዩቲዩቡ ይሽከረከራል እንጂ ስብከቱ አይመጣም" ብለው ጠሩኝ። ገብቼ ሞደሙ የታለ ብል ቡፌው ውስጥ ነው። ከኋላው መስታወት፣ ከጎኑ የብረት ትሪ፣ ከላዩ ዳንቴል። ዳንቴሉን በእጃቸው ነው የሠሩት፤ ከቴሌቪዥኑ ዳንቴል ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሞደሙን ስነካው እንደ ምጣድ ግሏል። "እትዬ፣ ይሄ ነገር አየር ይፈልጋል። ብረቱና መስታወቱም ሞገዱን ይመልሱበታል" አልኳቸው። "ታዲያ እንግዳ ሲመጣ ራቁቱን ይታይ?" አሉኝ። ተደራደርን። ሞደሙ ቡፌው አናት ላይ ወጣ፣ ዳንቴሉ ከሥሩ ተነጠፈ። ስብከቱም ሳይቆራረጥ መጣ። አንድ ብር አልተጨመረም።

ሌላው ማንም የማይጠረጥረው አፕሎድ ነው። ከሠርግ ወይም ከክርስትና ማግስት የሰው ሁሉ ስልክ በፎቶና በቪዲዮ ይሞላል። ቤት ገብቶ ዋይፋይ ሲያገኝ ስልኩ ራሱ ፎቶውን ወደ ክላውድ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማስቀመጫ መላክ ይጀምራል። ባካፕ የሚሉት እሱን ነው። የመላኪያው መንገድ ከሞላ ማውረዱም ይንቀራፈፋል። ምክንያቱም አንድ ገጽ ስንከፍት ስልካችን ጥያቄ መላክ፣ የመጣለትንም "ደርሶኛል" ማለት አለበት። ያ ሁሉ ወረፋ ይይዛል። ባካፑን ሌሊት እንዲሠራ ማድረግ ብቻውን ብዙ ቤት ይፈውሳል።

ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር ስናወራ ድምፁ ትንሽ ዘግየት ማለቱም በፓኬጅ አይድንም። አገራችን የባሕር በር የላትም። መስመሩ በጎረቤት አገር፣ በጅቡቲ ወይም በኬንያ በኩል ወጥቶ ነው ከባሕር ሥር ኬብል የሚገናኘው። ዋሽንግተን ደርሶ መመለስ ጊዜ ይወስዳል።

አሁን በገመድ ተለክቶም ፍጥነቱ ስለሌለው ቤት ላውራ። ፋይበር፣ ማለትም ኢንተርኔቱን በብርሃን የሚያመጣው ቀጭን ገመድ የገባላችሁ ሰዎች፣ ገመዱ የሚሰካበትን ትንሿን ሳጥን እዩ። "ሎስ" የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ ቤታችሁ አልደረሰም፤ አጥፍቶ በማብራት አይመጣም። ቀጭኑን ገመድም ተመልከቱት። ፋይበር ክፉኛ ከታጠፈ ብርሃኑ ያመልጣል። በበሩ ጥግ አጥፎ በምስማር የመታው ሰው አይቻለሁ። በድሮው የስልክ መስመር የምትጠቀሙ ደግሞ ስልኩን አንስታችሁ አዳምጡ። ሽሽሽ የሚል ድምፅ ካለ ወይም ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ፣ መስመሩን ለስልኩና ለሞደሙ የምታካፍለዋን ስፕሊተር ቀይራችሁ ሞክሩ። ዝናብ ሲዘንብ የሚብስ ከሆነ ግን የሆነ ቦታ ውኃ የገባበት መገጣጠሚያ አለ ማለት ነው። እሱ የአቅራቢው ሥራ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ማስረጃህን ይዘህ ትደውላለህ። ሙዚቃ ታዳምጣለህ። "ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት" ትባላለህ። "አድርጌዋለሁ፣ በገመድም ለክቻለሁ" ስትል "እስቲ ደግመው ይሞክሩት"። ከዚያ የቅሬታ ቁጥር ይሰጥሃል። ቆይቶ፣ ማንም ደጅህን ሳይረግጥ፣ "ችግርዎ ተፈቷል" የሚል መልእክት ይገባልሃል። ማን ፈታው? እንዴት?

ክረምት ላይ የእኔ መስመር እንዲህ ሆኖ ነበር። ግብር የማሳወቂያው ቀነ ገደብ ደርሶብኝ በስልኬ ዳታ ነው የተወጣሁት። በመጨረሻ የመጣው ቴክኒሺያን ጨዋ ልጅ ነበር። ደረጃው ሥር ያለውን ሳጥን ከፈተና ጠራኝ። መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ዝጓል። ጫፉን ቆረጠ፣ ላጠ፣ እንደገና ገጠመው። ቡናው እንኳ አልፈላም ነበር። ያን ሰሞን የዓምዳችሁን ምክር ሰምቼ ፓኬጅ ባሳድግ ኖሮ ለዛገች ሽቦ ነበር የምከፍለው።

አቅራቢዎችን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቅሬታ ሲዘጋ በገመድ የተለካው ፍጥነት አብሮ ይመዝገብ፤ ደንበኛውም ያረጋግጠው። ፓኬጅ ላሳድግ ብሎ ለመጣ ሰው ደግሞ፣ አሁን የሚከፍልበት በትክክል እየደረሰው መሆኑ አስቀድሞ ይለካለት። የማይደርስ ነገር ላይ ጨምሮ መሸጥ በእኛ ሙያ ስም አለው። እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

ለአንባቢም አንድ ነገር ልበል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚባል ተቆጣጣሪ አለን። የአገልግሎት ጥራትና የደንበኛ መብት የእሱ ጉዳይ ነው። አቅራቢያችሁ መልስ ካልሰጣችሁ ወደዚያ ማለት ይቻላል። "ቀርፋፋ ነው" ብሎ ባዶ እጅ መሄድ ግን አያዋጣም። የቅሬታ ቁጥሩን፣ ቀንና ሰዓት ያለበትን የስፒድ ቴስት ፎቶ፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ያዙ።

የዓምዱን ጸሐፊ ለመውቀስ አይደለም። ሦስት አራት ልጆች በየክፍሉ ቪዲዮ በሚያዩበት ቤት ትንሿ ፓኬጅ በእርግጥም አትበቃም፤ እዚያ ማሳደጉ ልክ ነው። በሚቀጥለው ግን ከዋጋ ዝርዝሩ በፊት ስለ መለካት ቢጽፍልን። ላን ኬብል ከሌለው ልደታ ብቅ ይበል፣ አውሰዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሂሳብ ሠራተኛ፣ ከልደታ ኮንዶሚኒየም