ገና እና ገና

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ብርዱ እንዴት አደረገው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ ያነበብኩልዎትን የሆላንድ ቃል ሰምተው «መቼ ነው የምትተነፍሺው?» ብለው ሳቁብኝ። አርቤይትስኦንኸስኺክትሄይትስፈርዜከሪንግ። መሥራት ላቃተው ሰው የሚከፍል ኢንሹራንስ ነው፤ 33 ፊደል፣ አንድም ክፍተት የለው። ዘዴው ስፌቱን መፈለግ ነው፦ አርቤይት ሥራ፣ ኦንኸስኺክትሄይት አለመቻል፣ ፈርዜከሪንግ ኢንሹራንስ። በመሃል የገቡት ሁለቱ «ስ» ክር ናቸው እንጂ ትርጉም የላቸውም። «አር» ላይ ጠንከር ብሎ ይጀመራል፤ ከዚያ ቁልቁለት ነው።

ስፌቱ ሲጠፋ ግን ጉድ ይፈላል። በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ዜላንድ ከተባለው የሆላንድ ክፍለ ሀገር የመጡ አንዲት አሮጊት አሉ። አንድ ምሽት «ደይክራምፕ፣ ደይክራምፕ» ይላሉ። «ደይ» ጭን ነው፤ «ክራምፕ»ን ኳስ ተጫዋቾቻችንም ይሉታል። ቅባት አምጥቼ ጭናቸውን አሸሁ። ለካ እሳቸው የሚሉት «ደይክ» እና «ራምፕ» ኖሯል፤ የግድብ አደጋ። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1953 ሌሊት ባሕሩ ግድቡን ጥሶ በሆላንድ 1,836 ሰው ሲጨርስ እሳቸው ልጅ ነበሩ። ይህን የነገሩኝ አሽቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ ቅባቱ ሳይጥማቸው አልቀረም።

«የቃሉ መጀመሪያ ላይ ድምፅሽን ጫኚ» የሚለው ደንብም ሁሌ አያዋጣም። ስታትሀውስ፣ ማዘጋጃ ቤት ማለት ነው፣ የሚጫነው «ሀውስ» ላይ ነው። አምስተርዳምም ሮተርዳምም መጨረሻቸው ላይ ይጫናሉ። ከሁሉ የባሰው ፎርኮመን ነው፦ «ፎር» ሲጫን መከሰት፣ «ኮ» ሲጫን መከላከል። እኛ ጋ ግድግዳው ላይ «መውደቅን እንከላከል» የሚል ማስታወቂያ አለ። ስብሰባ ላይ ጮክ ብዬ ሳነበው መውደቅ እንደሚከሰት አወጅኩ።

ያን ጊዜ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ሰሌዳው ላይ «ገና ገና አልደረሰም» ብለው ጽፈው የትኛው ጠብቆ፣ የትኛው ላልቶ እንደሚነበብ ሲጠይቁን፣ ፊደሉ አንድ ሆኖ ሳለ ለምን ያስጨንቁናል እል ነበር። እዚህም ፊደሉ አንድ ነው፤ የት እንደሚጫን የሚያሳይ ምልክት ብዙውን ጊዜ አይደረግበትም።

ዓይንዎ እስኪሻለው ደብዳቤውን እህቴ ታንብብልዎ። ርዕሱ ላይ ከተሳሳተች እንደ ድሮው ያስደግሟት።

ልጅዎ