ሳኦል ዝም ያለበት ቀን (ደብዳቤ ለልጄ)

ልጄ የኔ ጌታ እንዴት ሰነበትክልኝ፣ ሥራው እንዴት ነው፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን የእናትህም ጉልበት ትንሽ ተሽሏታል። በዋትሳፕ በድምፅ ልልክልህ ጀምሬ ነበር ግን 15 ደቂቃ አልፎም ገና መግቢያው ላይ ስሆን አጠፋሁትና ቁጭ ብዬ ብጽፍ ይሻላል አልኩ፣ አማርኛውን ቀስ ብለህ አንብበው የከበደህን ደውለህ ትጠይቀኛለህ።

ባለፈው ሰንበት መጥተህ ስለዛ አዲስ ስለተቀጠረው ልጅ ስታወራ ዝም ብዬ ሰማሁህ። ጎበዝ ነው አልክ፣ አለቆቹ አሁን የሱን ስም ነው የሚጠሩት አልክ፣ ከዛ ደግሞ "ምኑ እንደሚያስደንቃቸው ግን እኔ አይገባኝም" አልክ። ይቺን ነገር ሦስቴ መለስካት። እናትህ ልብ ያለችው አይመስለኝም፣ እኔ ግን አንተ ከሄድክ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ምክንያቱም ያንን አነጋገር አውቀዋለሁ ከራሴ አፍ ሰምቼዋለሁ። ሌሊት ተነስቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ከኛ ሰፈር ከጊቫት ሃሞሬ እንደምታውቀው የጊልቦዓ ተራራ ፊት ለፊት ነው ሌሊትም ቢሆን ጥቁር ሆኖ ይታያል፣ እና የመጀመሪያው የእስራኤል ንጉሥ ሳኦል ትዝ አለኝ። እናንተ እዚህ እስራኤል ትምህርት ቤት ሻኡል ብላችሁ ነው የተማራችሁት፣ እኔ ካገሬ ከኢትዮጵያ ይዤው እንደመጣሁት ሳኦል ልበለው።

ሰው የሳኦልን ነገር ሲያነሳ ሁሌ ቶሎ ብሎ ወደ አወዳደቁ ነው የሚሮጠው፣ እኔ ግን አጀማመሩን እወደዋለሁ። የአባቱ የቂስ አህዮች ጠፍተው ፍለጋ የወጣ የብንያም ልጅ ነው በቃ። አህያ ጠፍቶበት የማያውቅ ሰው ይሄ ነገር አይገባውም፣ እኔ ወገራ ልጅ ሆኜ አንዲት አህያ ጠፍታብኝ ሁለት ቀን በየሸለቆው ስዞር እግሬ ደምቶ፣ የፈራሁት ጅቡን ሳይሆን ባዶ እጄን ቤት መግባቱን ነበር። ሳኦል ግን ተራራውን ሁሉ አዳርሶ ሲያጣቸው ለአገልጋዩ ምን አለው፣ እንመለስ፣ አባቴ የአህዮቹን ነገር ትቶ ስለኛ መጨነቅ ይጀምራል አለው። በዚች ቃል ብቻ ምን አይነት ልጅ እንደነበር ይታየኛል። ወደ ነቢዩ ወደ ሳሙኤል ለመሄድ እንኳ እጁ ላይ የሚሰጠው ነገር አልነበረውም፣ አገልጋዩ ኪስ የተገኘችው የሰቅል ሩብ ብር ናት ያደረሰቻቸው። አህያ ሊፈልግ ወጥቶ የቅብዓት ዘይት በራሱ ላይ ፈስሶ ተመለሰ፣ አጎቱ ሲጠይቀው አህዮቹ መገኘታቸውን ነገረው እንጂ ስለ ንግሥናው ትንፍሽ አላለም። ምጽጳ ላይ ዕጣው በስሙ ሲወጣም ከዕቃ መሃል ተደብቆ ነው ጎትተው ያመጡት፣ ሲያቆሙት ግን ከሕዝቡ ሁሉ ከትከሻው በላይ ይረዝማል።

አሁን ልብ ብለህ አንብብ። የዛን ቀን ሰው ሁሉ ንጉሥ ሺህ ዓመት ይኑር ሲል አንዳንዶቹ "ይሄ ሰውዬ ደግሞ እንዴት ነው የሚያድነን" ብለው ናቁት፣ እጅ መንሻም አላመጡለትም፣ ፊቱ ላይ ነው። እሱ ግን ዝም አለ። እዚህ ቦታ ስደርስ ሁሌ ማንበቤን አቆማለሁ። ዛሬ የተሾመ ሰው ነው፣ ማንነቴን ላሳያችሁ ማለት ይችል ነበር፣ እንዳልሰማ ሆነና ቤቱ ገባ፣ ንጉሥ ከሆነም በኋላ በሬውን ጠምዶ እርሻው ላይ ነበር።

የኢያቢስ ገለዓድ ወሬ የደረሰውም ከበሬዎቹ ኋላ ሲመጣ ነው። አሞናዊው ናዖስ ከተማዋን ከቦ የሁላችሁንም ቀኝ ዓይን ካላወጣሁ አልታረቅም ብሏቸው፣ የ7 ቀን ጊዜ ስጠን ብለው መልእክተኛ ላኩ፣ ሳኦል ሕዝቡ ሲያለቅስ ሰማና ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት ብሎ ጠየቀ። ሲነግሩት ያን ትሁት ሰው እሳት አደረገው፣ ጥንዱን በሬ ቆራርጦ በአገሩ ሁሉ ላከ፣ ያልወጣ ሰው በሬው እንዲህ ይሁን አለ። ሠራዊቱን በ3 ከፍሎ ሊነጋ ሲል የአሞንን ሰፈር መታው። ካሸነፈ በኋላ ሕዝቡ እነዛን የናቁትን ሰዎች አምጡልን እንግደላቸው ሲል "ዛሬ ማንም አይሞትም" አለ። ይሄን ሳኦል አትርሳብኝ፣ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

አያትህን አላየኸውም፣ ባለ እጅ ነበር። ገበሬው ሁሉ ማረሻውን ማጭዱን ምሳሩን ተሸክሞ እኛ ቤት ይመጣል፣ እኔ ወናፉን እነፋለሁ እሱ ይቀጠቅጣል። እና እነዛው ማረሻ የምንስልላቸው ሰዎች ቡዳ ናቸው ይሉን ነበር፣ ልጆቻቸውን ከኛ ደጅ ይጎትቱ ነበር። አያትህ ይሰማል፣ ቀና ብሎ አያይም፣ መዶሻውን ያነሳል። ልጅ ሆኜ ፈሪ ይመስለኝ ነበር። በሳኦል ዘመን ፍልስጥኤማውያን በእስራኤል ምድር አንድ ባለ እጅ እንዳይኖር አድርገው ስለነበር፣ ሰይፍና ጦር እንዳይሠሩ፣ ገበሬው ማረሻውን ለማሳል እንኳ ወደ ጠላቱ አገር ይወርድ ነበር ይላል፣ ውጊያ ሲመጣም ከሳኦልና ከልጁ ከዮናታን በቀር ሰይፍም ጦርም የያዘ አልተገኘም። ይሄን ሳነብ የአያትህ እጅ ነው የሚታየኝ፣ አንድ ባለ እጅ ያለው ሰፈር ምን እንደነበረው ያኔ ገባኝ። ሳኦል ያንን ባዶ እጅ ሕዝብ ይዞ ነው የቆመው፣ ለዚህ ነው እንደ ቀላል ሰው ሲያወሩበት ደስ የማይለኝ።

ከዛ በኋላ ጆሮው ተበላሸ። እኔ እንደዛ ነው የምለው። ጌልገላ ላይ ሳሙኤልን 7 ቀን ጠብቅ ተብሎ ሕዝቡ ከሱ መበታተን ሲጀምር ራሱ መሥዋዕቱን አሳረገ፣ ሳሙኤልም ወዲያው ደረሰ። የአማሌቅን ሕዝብ ሊወጋ ሲላክ ደግሞ አንድም እንስሳ አታስቀር ተብሎ ንጉሡን አጋግንና የሰቡትን በጎች አስቀረና የታዘዝኩትን ፈጽሜአለሁ ብሎ በደስታ ወጣ፣ ሳሙኤል ታዲያ ይሄ የምሰማው የበጎች ጩኸት ምንድነው አለው። ሲጨነቅ እውነቱን ተናገረ፣ ሕዝቡን ፈርቼ ነው አለ። ሳሙኤል እግዚአብሔር መንግሥትህን ቀዶ ከአንተ ለሚሻል ሰው ሰጠ ካለው በኋላም ልመናው በሽማግሌዎቹ ፊት አክብረኝ የሚል ነበር። ያ ከዕቃ መሃል የተጎተተው ልጅ ነው ይሄን የሚለው።

እና ዳዊት መጣ። መጀመሪያ እኮ ወዶት ነበር፣ በገና ሲመታለት ልቡ ያርፍ ነበር። ጎልያድ ወድቆ ሠራዊቱ ሲመለስ ሴቶቹ ከየከተማው ከበሮ ይዘው ወጡና "ሳኦል ሺህ ገደለ ዳዊት እልፍ ገደለ" ብለው ዘፈኑ። ይሄው ነው። የሰደበው ሰው የለም፣ ሺህ ገደለ ብለው አመስግነውታል። ግን ከዛን ቀን ጀምሮ ዳዊትን በክፉ ዓይን ያየው ጀመር። ስድብ ሰምቶ ዝም ያለ ሰው የሌላ ሰው ምስጋና መስማት አቃተው። ልጄ ስድብ መቻል ይቀላል፣ እኔም ስንት ስድብ ችዬ አልፌያለሁ፣ አጠገብህ የቆመ ሰው ሲመሰገን መስማት ነው የሚያቃጥለው።

ያልነገርኩህን ልንገርህ። ፋብሪካ የሺፍት ሃላፊ ሆኜ ስሠራ አንድ ወጣት ልጅ መጣ፣ ካገር ከመጣ ዓመት ያልሞላው። የማሸጊያው ማሽን ሲቆም ቴክኒሻን እስኪመጣ ግማሽ ቀን የምንቀመጠውን እሱ እጁን ሰደድ አድርጎ በ10 ደቂቃ ያስነሳዋል። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ እኔ ቆሜ እያለሁ "እዚህ ቤት ማሽኑን የሚያውቀው ይሄ ልጅ ብቻ ነው" አለ። ስንት ዓመት የሠራሁበት ማሽን ነው። ምንም አልተናገርኩም ግን ከዛ ሳምንት ጀምሮ ልጁን ማታ ማታ መደብኩት፣ 5 ወር ሙሉ፣ ቋሚ ይሁን ወይ ብለው ሲጠይቁኝም ገና አልበሰለም አልኩ። እሱ አንድ ቀን ለምን አላለኝም፣ ጋሼ እያለ ይታዘዘኝ ነበር፣ በመጨረሻ ለቆ ሄደ። ሴት አያትህ ያረፈች ጊዜ በሰባቱ ቀን ለቅሶ ማን መጣ መሰለህ፣ እሱ። ወንበር ሲያነሳ ሻይ ሲያድል ነው የዋለው በማግስቱም ተመለሰ፣ እኔ እንደ ሐዘንተኛ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጬ ሰው ሁሉ ለእናቴ ይመስለው ነበር።

ሳኦል ከዛ በኋላ ጦሩ ከእጁ አልተለየም፣ ዳዊትን በገና እየመታለት እያለ ወረወረበት፣ ለዳዊት ሲናገርለት በገዛ ልጁ በዮናታን ላይም ወረወረ። አባት ሆኜ የሚያመኝ የዮናታን ነገር ነው። ዙፋኑ የሱ ነበር እኮ፣ ሊቀና የሚገባው ሰው ካለ እሱ ነው፣ እሱ ግን ካባውን አውልቆ ሰይፉን ቀስቱን መታጠቂያውን ጨምሮ ለዳዊት ሰጠው። አባቱ የቀናው ለልጄ መንግሥት ብዬ ነው አለ፣ ልጁ ግን መንግሥቱን ከልቡ ለቆት ነበር። ኖብ በምትባለው የካህናት ከተማ ለዳዊት እንጀራ ሰጣችሁ ተብለው 85 ካህናት ሲገደሉ የሳኦል ወታደሮች ራሳቸው እጃችንን አናነሳም ብለዋል፣ ኤዶማዊው ዶይቅ ነው የፈጀው፣ ዛሬ ማንም አይሞትም ያለው ያው ንጉሥ እያዘዘ። ዓይንጋዲ ዋሻ ውስጥ ሳኦል ዳዊት እጅ ላይ ወድቆ፣ ዳዊት ግን የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆርጦ ሲተወው፣ ሳኦል ልጄ ዳዊት ሆይ ይሄ ድምፅህ ነውን ብሎ አለቀሰ፣ አንተ ከእኔ ይልቅ ጻድቅ ነህ አለው። ከልቡ ነው ያለቀሰው ብዬ አምናለሁ። ከዛ ደግሞ ሊያሳድደው ወጣ።

መጨረሻው ሁሉ የሆነው እዚሁ እኛ ሰፈር ዙሪያ ነው። ፍልስጥኤማውያን የሰፈሩት ሱነም ነው፣ አሁን ሱላም የሚሏት መንደር፣ ከኛ ቤት ግርጌ። እሱ ጊልቦዓ ላይ ሆኖ ሠራዊታቸውን አይቶ ልቡ ራደ። እግዚአብሔርን ጠየቀ፣ በሕልምም፣ ካህናቱ የእግዚአብሔርን ፈቃድ በሚጠይቁበት በኡሪምም፣ በነቢያትም መልስ የለም፣ ጆሮው ዝምታ ብቻ ቀረለት። ስለዚህ ልብሱን ለውጦ በሌሊት ዓይንዶር ወዳለች መናፍስት ጠሪ ሴት ሄደ፣ መናፍስት ጠሪዎችን ካገሩ ያስወጣው ራሱ ሆኖ ሳለ፣ የጠላት ሰፈር መሃል ላይ ስለሆነ ጨለማውን ተገን አድርጎ ዞሮ ማለፍ ነበረበት። ሴትዮዋ የሞተውን ሳሙኤልን አስነስታለት፣ ሳሙኤል ነገ አንተና ልጆችህ ከእኔ ጋር ናችሁ ሲለው በቁመቱ ሙሉ መሬት ላይ ተዘረረ። ቀኑንም ሌሊቱንም እህል አልቀመሰም ነበር። ሴትዮዋ ታዲያ ደንግጣ አልሸሸችም፣ እምቢ ሲላት ለምናው የሰባ ጥጃዋን አርዳ ዱቄት ለውሳ ቂጣ ጋግራ አበላችው። ስለዚች ሴት ሰው ክፉዋን ብቻ ነው የሚያወራው፣ እኔ ግን በሕይወቱ የመጨረሻውን ራት ያበላችው እሷ መሆኗን አልረሳላትም።

በማግስቱ ዮናታን፣ አሚናዳብና ሜልኪሳ ሦስቱም ልጆቹ ጊልቦዓ ላይ ወደቁ፣ እሱም ቀስተኞች አቁስለውት በገዛ ሰይፉ ላይ ወደቀ። ዮናታን አባቱ እንደተሳሳተ እያወቀ አጠገቡ ሞተ። ዳዊት ወሬው ሲደርሰው ልብሱን ቀደደ፣ ጊልቦዓ ላይ ጠል አይውረድ ዝናብ አይዝነብ አለ፣ ኃያላን እንዴት ወደቁ እያለ አለቀሰ፣ ያሳደደውን ሰው ውድና ያማረ ብሎ ነው ያለቀሰለት። አሁን ታዲያ በመጋቢት ብትመጣ ተራራው ላይ ያቺ ጥቁር ሐምራዊ የጊልቦዓ አበባ ፈክታ ታያለህ።

ፍልስጥኤማውያን የሳኦልን ጭንቅላት ቆርጠው አስከሬኑን ከልጆቹ አስከሬን ጋር በቤት ሸአን ቅጥር ላይ ሰቀሉት። ማን እንዳወረደው ታውቃለህ? የኢያቢስ ሰዎች። እነዛ ያኔ ገና ወጣት እያለ ዓይናቸውን ያዳነላቸው። ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘው ዮርዳኖስን ተሻግረው፣ ፍልስጥኤም ያለበት ከተማ ድረስ መጥተው አወረዱት፣ አገራቸው ወስደው አጥንቱን ኤሼል በሚባል ዛፍ ሥር ቀበሩትና 7 ቀን ጾሙ። ጊብዓ ላይ ጦሩን ይዞ ተቀምጦ የሚያማርረውም ከኤሼል ዛፍ ሥር ነበር።

የዛሬ ሳምንት አርብ ሥራ የለህም አይደል። በጠዋት ና ቤት ሸአን ከጥንቱ ጉብታ ላይ እንውጣ፣ ደረጃው ይበዛል ግን ቀስ እያልኩ እወጣዋለሁ፣ ጫፉ ላይ ሆነህ ወደ ምሥራቅ ስታይ ዮርዳኖስ ማዶ እነሱ የመጡበት ተራራ ይታያል ቆሜ ላሳይህ እፈልጋለሁ። ሰንበት ሳይገባ እንመለሳለን እናትህ ዳቦ ትጋግራለች። ያንን አዲሱን ልጅም ቤተሰቡ ሩቅ ነው ብለህ አልነበር፣ ጠይቀውና እሺ ካለህ ይዘኸው ና፣ መኪናው ላይ ቦታ አለ።

አባትህ