ዕድርተኛ መሆን ብቻውን ከለላ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በጎጃም ወረዳዎች የአእምሮ ጤና ዳሰሳ ሲደረግ፣ ሰውን ራስን ከማጥፋት ሐሳብ የሚጠብቁ ነገሮች ብዙ ጊዜ በሁለት ጥያቄ ይታለፋሉ፤ «ሃይማኖት አለዎት? ዕድር ገብተዋል?» ከሞላ ጎደል ሁሉም «አዎ» ይላል። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ ደግሞ ማንንም ከማንም አይለይም።

በአገራችን ጥናቶች የተለመደው የማኅበራዊ ድጋፍ መለኪያ «ኦስሎ-3» ነው። ሦስት ጥያቄ ብቻ ስለሆነ አያሰለችም፤ ድምሩ ከ3 እስከ 14 ሲሆን እስከ 8 ደካማ፣ ከ9 እስከ 11 መካከለኛ፣ ከ12 ጀምሮ ጠንካራ ይባላል። ሦስተኛው ጥያቄ ጎረቤት ለማገዝ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ይጠይቃል። ወንፈልና ደቦ ባለበት አገር አጨዳ የሚያግዝ አይጠፋም። ገበሬው እዚያ ላይ ሙሉ 5 ያገኛል፤ የጨነቀውን የሚያዋየው ሰው ግን ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ድምሩን ብቻ ይዞ ከመሄድ፣ ክፉ ቀን ቢመጣ የሚተማመኑበት ስንት ሰው እንዳለ የሚጠይቀውን የመጀመሪያውን ጥያቄ ለብቻው መተንተን ያሻል። «ባለፈው ወር የከበደዎትን ነገር ለማን ነገሩ?» የሚል ጥያቄ ቢታከልበት ደግሞ ይበጃል።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ሊነሃንና ባልደረቦቿ በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጡት የመኖር ምክንያቶች መጠይቅ ጠለቅ ያለ ነው፤ 48 ጥያቄዎች፣ ስድስት ክፍሎች፣ ከ1 እስከ 6 ነጥብ። ለገጠር ቢረዝም ባለ 12 ጥያቄ አጭር ቅጂ አለው። እኛ ዘንድ ራስን ማጥፋት «ኃጢአት ነው» የሚለው ክፍል ከሞላ ጎደል ሁሉም ከፍተኛውን ነጥብ ስለሚሰጠው አጠቃላይ አማካዩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል። ክፍሎቹ ለየብቻ ይዘገቡ፤ በተለይ ችግርን እችላለሁ የሚል እምነት፣ የቤተሰብ ኃላፊነትና የልጆች ነገር።

ከለላነቱ የሚታየው መከራ ሲመጣ ነውና ዕዳው፣ ሕመሙ፣ ጠቡም አብሮ ይለካ። ድባቴ የያዘው ሰው የሚረዳው ቢኖርም የለኝም ሊል ይችላል፤ የአንድ ጊዜ ዳሰሳ የትኛው እንደቀደመ አይነግረንም። ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ሰው መልሶ መጠየቅ ግድ ነው።

ጠያቂው ከሌላ ቀበሌ ቢመጣ ይመረጣል፤ አማት ወይም ባል አጠገብ ተቀምጦ እውነተኛ መልስ አይገኝም። ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፣ ይህን ፈርቶ ጥያቄውን ማድበስበስ አያስፈልግም። ጠያቂው ከተጠያቂው ቤት ሳይወጣ መልሱን ይመልከት። ተጠያቂው «አዎ» ካለ ጠያቂው ብቻውን አይተወው፤ በፈቃዱ የሚያምነውን ሰው ይጥራ፣ የሰብል ኬሚካል ከቤት ይውጣ ወይም ይቆለፍበት፣ በዚያው ቀን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳለበት ጤና ተቋም ይሂድ። ያ መልስ ከሳምንታት በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሲገባ የሚታይ ከሆነ ጥናቱ ባይደረግ ይሻላል። የማድረሻው ትራንስፖርት ከጅምሩ በጥናቱ በጀት ይያዝ።

የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች
ደብረ ማርቆስ