እማዬ፣ አጥሩን ከፍቼዋለሁ

ደሴ፣ ግንቦት 22 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለናፈቅሽኝ እማዬ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? ዐይንሽስ እንዴት ነው? ጠብታውን በሰዓቱ ታደርጋለች ብላ እህቴ ነግራኛለች። እኔም ባለቤቴም ልጆቹም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። ከአንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ስደውልልሽ መጀመሪያ "እጃችሁን ታጠቡ" የሚለው የኮሮና መልእክት ይቀድማል። ከዚያ አንቺ "አይሰማም፣ ጮክ በል" ትያለሽ። ደህና ነን፣ ደህና ነን ተባብለን ካርዱ ያልቃል። ጓሮዬ እንዴት ነው ባልሽኝ ቁጥር "ደህና ነው" እያልኩ አልፌሻለሁ። አንቺ ግን መደብ በመደብ እንዲነገርሽ ነው የምትፈልጊው። ስለዚህ ይሄን ጽፌ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬዋለሁ። የእህቴ ልጅ ጮክ ብላ፣ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለሁለት ሳምንት ነው ተብለን ነበር። ተማሪዎቼን "በርቱ፣ አንብቡ" ብዬ ሸኘኋቸው፤ እስካሁን አላየኋቸውም። አንቺም ለሐኪም ቀጠሮ ብለሽ አዲስ አበባ ስትሄጂ የያዝሽው አንዲት ትንሽ ሻንጣ ነበር። ከዚያ አገር አቋራጩ አውቶቡስ ቆመ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ የዕለቱን ቁጥር ስጠብቅ ነው ያሳለፍኩት። ጓሮሽን ዞር ብዬ አላየሁትም። ጎመኑ አብቦ ነበር። መደቡን አረም ውጦት ነበር። ይሄን በስልክ ልነግርሽ አልደፈርኩም።

ያነቃኝ ገበያው ነው። ባለቤቴ ሰኞ ገበያ ሄዳ ባዶ ዘንቢል ይዛ ተመለሰች። ግፊያውን አይታ ከዳር ነው የተመለሰችው። "ጓሮ እያለን ለጎመን ብዬ በሽታ አልሸምትም" አለች። በማግስቱ ዶማውን አነሳሁ።

የዘር ሣጥንሽን ከፈትኩት። እማዬ፣ እነዚያን የጨርቅ ቋጠሮዎች አንድ በአንድ ስፈታ አንቺ አጠገቤ ቁጭ ያልሽ መሰለኝ። ድንብላሉን በሽታው አወቅኩት። ጎመን ዘሩም ግልጽ ነው። ሁለት ቋጠሮዎች ግን አንድ ሆኑብኝ። ቡናማ፣ ሸካራ፣ ቅርጽ የሌላቸው፣ እጅ ላይ ምንም የማይከብዱ። አንዱ ቆስጣ፣ አንዱ ቀይ ሥር እንደሆነ ባለቤቴ ታስታውሳለች። ባለፈው ዓመት ከገበያ በማንኪያ ስትገዢ አብራሽ ነበረች። የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን አላወቀችም። አንቺ ጋ ደወልኩ። "አይሰማም" አልሽኝ።

በርሜል ላይ ወጣሁና በቆርቆሮው አጥር ላይ አንገቴን አሻግሬ የጎረቤታችንን የሐጂን ባለቤት፣ እትዬን ጠራኋቸው። ወጡ። እኔን ለማየት ቀና ሲሉ ሻርፓቸው ከራሳቸው ወደቀ። በአንድ እጃቸው ሻርፓቸውን፣ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ሁለቱን ቋጠሮ በገመድ አወረድኩላቸው። መዳፋቸው ላይ ዘርግተው አዩት፣ በጣታቸው አሹት።

"ልጄ፣ ይሄማ በዘሩ አይለይም። እናትህም ብትሆን አትለየው። ጣሳ ላይ ጥቂት ጥቂት ዝራና ጠብቅ። ግንዱ ቀይ ሆኖ ከወጣ ቀይ ሥሩ እሱ ነው።"

እንዳሉኝ አደረግኩ። ባይበቅል የሚል ስጋት ነበረኝ። በዘጠነኛው ቀን ከአንደኛው ጣሳ ክር የመሰለ ቀይ ግንድ አፈሩን ሰንጥቆ ወጣ። የሌላኛው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነበር። ትንሿ ልጄ ጣሳውን አቅፋ ቤቱን ሁሉ ዞረች።

ግን ልነግርሽ የፈለግኩት ስለ ዘሩ ብቻ አይደለም። ያን ቀን ከበርሜሉ ስወርድ እትዬ ቀና ብለው የቆሙበት አቋም ከዐይኔ አልጠፋም። በ2008 ዕቁብ ሲወጣልኝ የቁልቋሉን አጥር አስነቅዬ ቆርቆሮ ሳስመታ አንቺ አልወደድሽውም ነበር። አልተጣላሽኝም። "ቡና ሲፈላ በየት ብዬ ልጥራቸው?" ብቻ ነው ያልሽው። እኔ ደግሞ "በስልክ ትጠሪያቸዋለሽ" አልኩሽ። ቁልቋሉ መሀል አንቺና እትዬ የምትተላለፉበት ሽንቁር እንደነበረ አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ እሳት ለመጫር፣ ወንፊት ለመዋስ በእሱ ነበር የምትልኪኝ። እኔ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ እትዬ እኛ ቤት ለመምጣት ዋናውን መንገድ ዞረው፣ አቀበቱን ወጥተው ነበር። ጉልበታቸውን እያመማቸው። ይቅር በይኝ፣ እማዬ። ስትመጪ ፊት ለፊት ደግሜ እልሻለሁ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ሚስማሩን ነቅዬ ሁለት ቆርቆሮ አነሳሁ። ሐጂ ከዚያ በኩል ፋኖስ ያዙልኝ። ከመሀል ጣውላ አጋደምንበት። ሁለት የአዋቂ እርምጃ እንድንጠብቅ ብለን ነው። እኛ ዕቃውን አስቀምጠን እንመለሳለን፣ እነሱ መጥተው ይወስዳሉ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ሲታወጅና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ጣውላው ቦታው ላይ ነበር።

በዚያች ጣውላ ላይ ያልተሻገረ የለም። ከእነሱ የበግ ፍግ መጣ፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ። ከእኛ የጎመን ችግኝ ሄደ። ውሃ በፈረቃ ሲሆን፣ የእነሱ ቧንቧ በመጣ ቀን እኛ እንቀዳለን፣ የእኛ በመጣ ቀን እነሱ። ክሽክሽ ጎመኑን ሲወረው እትዬ የተነፋ አመድ በሳህን አስቀመጡልኝ። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ነስንስበት አሉኝ፤ ያኔ ይይዛል። ያዘ። ከላይ ያለው ባጃጅ ነጂ ልጅ ሥራ ሲቀዘቅዝበት መጥቶ "ጋሼ፣ እኔም ችግኝ ልውሰድ" አለኝ። በቤታቸው ፊት ያለችውን ጠባብ መሬት ቆፈረ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቤትም ቆፈረ። ካንቺ አንድ ቋጠሮ ጎመን ዘር አሁን አምስት ቤት ይበላል።

እጅ መታጠቢያ ጄሪካን ግቢው በር ላይ ሰቅለናል። ውሃው አይባክን ብዬ ቦይ አውጥቼለታለሁ። እንዳትሰጊ፣ ሳሙናው አትክልት ውስጥ አይገባም፤ ወደ ጌሾው ነው የሚሄደው።

ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነበር። ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ነው የተከታተልነው። ሌሊት ቤት ውስጥ ሻማ ይዘን ቆምን። ሲነጋ ጣውላው ላይ በሰፌድ 12 ዕንቁላል አገኘን። ሳምንት ሳይሞላው ሚያዝያ 16 ረመዳን ገባ። አዛኑ ይሰማል፣ መስጊዱ ግን ሰው አይገባበትም። ሐጂ ተራዊህን ቤታቸው ሰገዱ። እኔ ከሰዓት በኋላ ከመደቡ ላይ ድንብላል ቆርጬ፣ አጥቤ፣ ጣውላው ላይ አስቀምጥ ነበር። አመሻሹ ላይ ሾርባው በጎድጓዳ ሳህን፣ ላዩ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ይመጣል። ጨርቁን ስገልጠው የራሴ ድንብላል ሽታ ፊቴን ይመታኛል። ልጆቹ ከማፍጠሪያው በፊት ጣውላውን መጠበቅ ለመዱ። በዒድ ቀን፣ ግንቦት 16፣ ባዶውን ሳህን መመለስ ነውር ነው ብላ ባለቤቴ የመጀመሪያውን ቆስጣ ሞልታ መለሰችው።

ቡናም ተጀምሯል። ባለቤቴ በእኛ በኩል ታፈላለች፣ እትዬ በወዲያ በኩል የራሳቸውን ስኒ ይዘው ይቀመጣሉ። ስኒ አንለዋወጥም፣ ጀበናዋ ብቻ ናት የምትሻገረው። በረካው ላይ እትዬ እጃቸውን ዘርግተው "ኸይር ያሰማን፣ የሄዱትን በሰላም ይመልስልን" ይላሉ። የሄዱት የሚሉት አንቺን ነው። እኛም አሜን እንላለን።

የታች ቤቱ አባባ ማረፋቸውን ሰምተሻል። ስለዚያ ትንሽ ልንገርሽ፣ ማን ቀበራቸው ብለሽ እንደምታስቢ አውቃለሁ። ቅሬው፣ እድራችን፣ ድንኳን አልጣለም። ቀብር ላይ የነበርነው ጥቂት ሰዎች ነን፣ ተራርቀን ቆምን። እንዲያ ያለ ቀብር ደሴ ላይ አይቼ አላውቅም፤ ልቤ ተሰበረ። ግን ያቺ ቤት አልተረሳችም። ቅሬው ተራ አወጣ። ዛሬ አንዱ ቤት፣ ነገ አንዱ ቤት አብስሎ ደጃቸው ላይ ያስቀምጣል፣ በር ያንኳኳል፣ ራቅ ብሎ "እግዜር ያጥናችሁ" ይላል። ሐጂም "አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ" ብለው ቆመው አለቀሱ። የእኛ ተራ ሲደርስ ባለቤቴ ካንቺ ጓሮ ጎመን ሠራች። አባባ ያንቺን ጎመን ይወዱ እንደነበር ልጃቸው አስታወሰችን።

አሁን ወደ ጉዞሽ ልምጣ። መኪና በግማሽ ሰው መጫን ጀምሯል፣ ልሂድ ማለትሽን እህቴ ነግራኛለች። እማዬ፣ እባክሽ ቆዪ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስንት ቦታ ይቆማል፣ ስንት ሰው ይወጣል ይወርዳል። አንቺ ደግሞ ስኳር አለብሽ። በሽታው በዕድሜ የገፋና ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይከፋል። ጓሮዬ ጠፋ ብለሽ ከሆነ የቸኮልሽው፣ አልጠፋም። ድንቹ አብቧል፣ ሐምሌ ላይ ይደርሳል። ቀይ ሥሩ አውራ ጣቴን አክሏል። ቲማቲሙ ብቻ አልሆነም። ከኮምቦልቻ የመጣ ችግኝ ነበር፤ የሐረጎን አቀበት ወጥቶ የእኛን ብርድ ሲያገኝ ደረቀ። ጤና አዳምሽ በር ላይ እንዳለ ነው፣ ትላንት ለቡናው ቅጠል ቆረጥኩለት።

ሁለት ነገር ጠይቄሽ ላብቃ። አንደኛ፣ የአጥሩን ክፍት በር ላብጅለት ወይስ እንዲሁ ልተወው? ሐጂ በር ይሁን ይላሉ፣ እትዬ ግን እንዲሁ ይሁን ነው የሚሉት። አንቺ ሳትወስኚ መዶሻ አላነሳም። ሁለተኛ፣ ከሣጥኑ ሥር በቀይ ክር የታሰረች ትንሽ ቋጠሮ አለች። ውስጧ ጥቁር፣ አንጸባራቂ ዘር ነው። ለእትዬ አሳየኋቸው፣ አላወቋትም። ምን እንደሆነች ለልጅቷ ንገሪያትና ትጻፍልኝ። ከሰኔ በፊት የሚዘራ ከሆነ ከግድግዳው ሥር አንድ መደብ አለስልሼ ትቼልሻለሁ።

ልጅሽ